የመሪጌታ ጥያቄ

ወለተ ኪዳን አባቷን ከዲማ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ስታመላልስ ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። የኩላሊታቸው ምርመራ ውጤት ደህና አልነበረምና፣ ተራቸው እስኪደርስ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሐኪሙን የምትጠይቀውን በደብተር ትጽፍ ጀመር። ቁጥሩ ለምን ጨመረ? ጨው ይተዉ ወይ? ጾሙስ? የቀረውን ጥያቄ ግን ለመጻፍ አልደፈረችም።

የቅኔ መምህሩ አባቷ መሪጌታ ዘማርያም ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ «ስንት ዕድሜ እንደቀረኝ ጽፈሻል?» አሏት።

«አልጻፍኩም፣ አባዬ።»

«ጻፊው። ተማሪዎቼን ለማን እንደምተው ማሰብ አለብኝ።»

ጻፈችው። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ሐኪሙ ደብተሩን አንብቦ፣ «ቁርጡን እኔም አላውቀውም። መድኃኒቱን ካላቋረጡ ግን ይህን ክረምት ያስተምራሉ» አላቸው።

«ይበቃኛል» አሉ መሪጌታ።

ሲመለሱ ወለተ ኪዳን የመኪናውን መስኮት ተደግፋ እስከ ዲማ ድረስ ተኛች።