የአርኒል አንገት

ጥጡ አገጩ ሥር ሲደርስ ያዘ። ወዲያው ቡጢው ወረደ።

ሉዲቪና ካውያዋን እንደያዘች በመስኮቱ አየችው። ልብስ የምታጥብበትን ክፍል ከመርከበኛ ካዴቶቹ ማደሪያ ግቢ የሚለየው አንድ የቀርከሃ አጥር ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንጋፋዎቹ አንደኛ ዓመቶቹን ደርድረው ጢም የሚፈትሹት እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። ፍተሻው ቀላል ነው። ቁራጭ ጥጥ ጉንጭና አንገት ላይ ይጎተታል። ጥጡ ካለፈ ልጁም ያልፋል። ጥጡ ከያዘ ቡጢ ነው።

ዛሬ የያዘው የልጅ ልጇ የአርኒል አንገት ላይ ነው።

"ዛሬ ስንት ጊዜ ተላጨህ?" አለ ሬክሰን ማግባኑዋ። የአንጋፋዎቹ አለቃ እሱ ነው።

"ሁለት ጊዜ፣ ጌታዬ!"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ጃርት ነው እንዴ የዋጥከው?"

"አላውቅም፣ ጌታዬ!"

"ጃርቱ አያውቅም!" አለና ወደ ጓደኞቹ ዞረ። እነሱ ሳቁ። ሁለተኛው ቡጢ ሆድ ላይ ሳይሆን አንገት ላይ አረፈ፤ እዚያው ቀልቶ ካበጠው ቦታ። እባጩ ፈነዳ። ደምና መግል በነጩ ኮሌታ ላይ ሲወርድ ሉዲቪና ከመስኮቱ ሆና አየችው።

ካውያውን ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ጥላ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለከች። "ተው! ቁስል ነው እኮ! ተው አንተ ልጅ!"

ሬክሰን ፈገግ አለ። ወፍራም ነጭ ኮሌታውን እስከ ጉሮሮው ቆልፎታል። "ሎላ፣ እርስዎ ልብሱን ይተኩሱ። ሰውየውን እኛ እንተኩሰዋለን።"

በዚያ አገር ሎላ የሚሉት አያትን ነው፤ ልጅ ለማያውቃት አሮጊትም ሎላ ይላል። ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን እንደ ስድብ ነበር። ሉዲቪና አርኒልን አየችው። ቀጥ ብሎ እንደቆመ በዓይኑ ብቻ ተመለሺ አላት። ተመለሰች። ካውያው የአንድ ሰው ሱሪ ጉልበት ላይ የራሱን ቅርጽ አቃጥሎ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ሁለት ቡጢ ተጨመረ፤ በጆሮዋ ቆጠረችው።

ከሰዓት በኋላ አርኒል ቤት መጥቶ በርጩማው ላይ ሲቀመጥ አንገቱን ወደ ብርሃን አዞረችው። ፀጉሩ የአባቱ ነው። አባቱ ከተራራው የአቲ ወገን ነበረ፤ ጥቁርና ጸጉረ ከርዳዳ። የአርኒል ጢምም እንደዚያው ነው። በተላጨ ቁጥር የሾለው ጫፍ ተጠቅልሎ ተመልሶ ቆዳው ውስጥ ይገባል፤ ቆዳው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይመግላል። ባይላጭ ቡጢ ነው፤ ቢላጭም ቡጢ።

"ቆይ መርፌዬን ላምጣ፤ የተቀበረውን ላውጣልህ።"

"የቆዳ ሐኪሟ መርፌ ከልክላሻለች፣ ሎላ።"

"ሐኪሟ ናት ያሳደገችህ?"

"ሐኪሟ አንገቴን እንደ ድንች አልቆፈረችውም።"

እውነት ነው። አንድ ዓመት ሙሉ በመርፌና በወረንጦ ቆፍራዋለች፤ በዘይቱን ቅጠል ውሃ አጥባዋለች። ጠባሳው እዚያው ነው።

"ለትምህርት ቤቱ አዛዥ እናገራለሁ" አለች።

"አንድ ቃል ትናገሪና የምባረረው እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፣ ሎላ! የመርከብ ኩባንያው ሐኪም መጥቶ አሥራ ሁለት ሰው ይመርጣል። አንገቴ ንጹሕ ከሆነ እመረጣለሁ። ከዚያ በኋላ ሬክሰን ባሕሩን ይፈትሽ።"

እናቱ ሆንግ ኮንግ ሰው ቤት እየሠራች ለዚህ አንገት ሕክምና ገንዘብ ትልካለች። ሉዲቪናም አሳማዋን ሸጣለች። ስለዚህ ነገሩን ተወችው፤ ኮሌታውን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፋ መግሉን ማሸት ያዘች።

ኮሌታ ይናገራል። ሉዲቪና በሳምንት የአርባ ካዴት ኮሌታ ታጥባለች፤ ማን እንደሚጠጣ፣ ማን ሴት እንደያዘ፣ ማን ሌሊት እንደሚያለቅስ ታውቃለች። የሬክሰንን ኮሌታ ከሁሉ አብልጣ ታውቀዋለች። ከውስጥ በኩል፣ ከአገጩ ሥር በሚነካው ቦታ፣ ሁልጊዜ የደም ነጠብጣብ በመስመር ተደርድሮ አለበት፤ ላዩ ላይ የሴት የፊት ዱቄት ተለስኖበት። የምን ደም እንደሆነ ታውቃለች፤ የአርኒል ኮሌታ ላይም ያንኑ ነጠብጣብ ታያለች። እስከ ዛሬ ግን ለማንም አልተናገረችም።

ሐሙስ ዕለት ሐኪሟ ዘንድ ሄዱ። የዶክተር ሳራቢያ ክሊኒክ ከዳቦ ቤት በላይ ነው፤ ደረጃው እርሾ እርሾ ይሸታል።

"ይሄንን ማን ነካው?" አለች ቁስሉን እያየች።

"በር" አለ አርኒል።

"በሩ ቀለበት ያደርጋል?"

ሐኪሟ ቁስሉ መድረቁን አረጋግጣ በነጭ ፕላስተር ሸፈነችው፤ ዓይኑን በጥቁር መነጽር ጋርዳ ቀዝቃዛ ቅባት ቀባችው። የሌዘሩን እጀታ አንገቱ ላይ ባሳረፈች ቁጥር ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። አርኒል ብልጭታው እንደ ተወጠረ ላስቲክ ነው የሚመታኝ ይላል። ሉዲቪና ግን እያንዳንዷን ብልጭታ በራሷ አንገት ላይ ቆጠረች።

"ዶክተር፣ ጨረሩ ወደ አንጎሉ አይገባም?"

"አይገባም፣ ሎላ። ከቆዳው ሥር ያለውን የፀጉር ሥር ብቻ ነው የሚያቃጥለው። ሥሩ ከሞተ ፀጉሩ አይበቅልም፤ ካልበቀለ ደግሞ ተመልሶ አይገባም።"

"ልጅ ይወልዳል?"

"በአንገቱ አይወልድም" አለች ሐኪሟ። አርኒል በመነጽሩ ሥር ሳቀ። "ይሄ ለጥቁር ቆዳ የተሠራው ማሽን ነው። ርካሽ ቦታ በሌላ ማሽን ቢሠራ ኖሮ ይጠበስ ነበር። አራተኛው ዙር ነው፤ ሁለት ይቀረናል። ግራውን ይዩት።"

አየችው። ግራው የሕፃን አንገት መስሏል። ሉዲቪና እጇን አሳርፋ ዳሰሰችው፤ ጥጥ የሚይዝ ነገር የለም።

"ለአንድ ሳምንት አንገቱ እንደ አራስ ነው" አለች ሐኪሟ። "ፀሐይ አይንካው፤ ሎሚ፣ ቅጠል፣ የሚያቃጥል ነገር እንዳይደርስበት። መርፌም፣ ሎላ!"

"ሰማሁ፣ ሰማሁ።"

ዓርብ ጠዋት አርኒል የሬክሰንን የሰልፍ ልብስ ይዞ መጣ። "ኮሌታው እንደ ሳህን ይቁም ብሏል" አለና ጎንበስ ብሎ ቅርጫቱን ሲያስቀምጥ አቃሰተ። ሸሚዙን ገለጠችው። የጎድን አጥንቱ ላይ የጫማ ተረከዝ ቅርጽ ሰማያዊ ሆኖ ታትሟል።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ወደቅኩ።"

"ጫማ ላይ ነው የወደቅከው?"

"ሎላ፣ እባክሽ። ሦስት ሳምንት።"

እሱ ሲሄድ ሉዲቪና ጓሮ ወጣች። ከጉድጓዱ አጠገብ ቁመቷ ከጣት ጥፍር የማትበልጠው፣ እሳት የሆነችው ሚጥሚጣ ቀልታ ተንዠርግጋለች። ሁለት እፍኝ ለቀመች። ወቀጠቻት፣ አፈላቻት፣ ቀለሙ እንዳይታወቅ በጨርቅ ሦስት ጊዜ አጠለለቻት። በዚያ ውሃ ኮሌታ የሚያደርቀውን የካሳቫ ስታርች አበሰለች። ጣቷ ነደደ፤ እንባዋ ወረደ። የሬክሰንን ኮሌታ ነክራ ጨመቀች። ካውያው ሲያርፍበት እንፋሎቱ ጉሮሮዋን ያዘው፤ እየሳለች ገፋችው። ያ አንገት ሲነድ ታያት። በሰልፍ መካከል ሲያክ፣ የተለሰነው ዱቄት ሲረግፍ፣ አንደኛ ዓመቶቹ ሁሉ ሲያዩት። ስልሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው መትታ አታውቅም። ደስ አላት። ደስ ማለቷ ደግሞ አስደነገጣት፤ ካውያውን ግን አላቆመችም።

ቅዳሜ መስኮቷ ሥር ቆመች።

ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ይለበልባል። አንጋፋዎቹ ወጡ። የሰልፉ ልብስ በመስቀያ እንደተሰቀለ መጣ፤ ኮሌታው እንደ ሳህን ቆሟል። ሬክሰን በካናቴራ ነው። አልለበሰውም።

"የአዳራሹ ወለል ሰም ስለተቀባ ዛሬ እዚህ ነው የምናለሰልሰው" አለ። "የኔን ማን ያለሰልስልኛል?"

"እኔ፣ ጌታዬ!" አለ አርኒል፤ ተራው ነበር።

ሉዲቪና መጀመሪያ አልገባትም። ልብሱ ከእጇ ወጥቶ በር ከተዘጋ በኋላ የሚሆነውን አይታ አታውቅም። አዲስ የተተኮሰ ኮሌታ የአንጋፋ አንገት መቧጨር የለበትም፤ ስለዚህ መጀመሪያ አንደኛ ዓመቱ ለብሶት ይሮጣል፣ በሆዱ ተዘርግቶ በክንዱ መሬት ይገፋል፤ ስታርቹ በእሱ ላብ ይሰበራል። ከዚያ አንጋፋው ይለብሰዋል። ይህ ልማድ ከእሷ አጥር አሥር እርምጃ ርቆ ስንት ዓመት ኖሯል።

አርኒል ልብሱን አጠለቀ። እስከ ጉሮሮው ቆለፈ። ግቢውን ሦስቴ ዞረ። ከዚያ "መሬት!" አለ ሬክሰን፤ አርኒል ተዘረጋና እየገፋ መቁጠር ጀመረ።

"አንድ፣ ጌታዬ! ሁለት፣ ጌታዬ!"

ላቡ ከፀጉሩ ወደ ኮሌታው ወረደ። አሥር ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ። ሉዲቪና የመስኮቱን ደፍ ጨበጠች። ብትናገር ያባርሩታል። ብትናገር ሥራዋም ያበቃል፤ አርባ ኮሌታ። ብትናገር ሬክሰን ይገድለዋል። ምናልባት አልፈላ ይሆናል፤ ምናልባት ውሃው በዝቶበት ይሆናል።

አሥራ ስምንት ላይ አርኒል አንገቱን ወደ ትከሻው ሰበቀ። ሬክሰን ጀርባውን ረገጠው። "አንገት ቀጥ! ጃርት!"

ሃያ አምስት ላይ ከኮሌታው በላይ ያለው ቆዳ እንደ ተላጠ ዓሣ ቀላ።

ሉዲቪና እስከ ሠላሳ ዝም አለች።

ሠላሳ ላይ ክንዱ ከዳው፤ ፊቱ መሬቱን መታ፤ በሁለት እጁ ጉሮሮውን ይዞ እንደታረደ ዶሮ ተንፈራገጠ። ሬክሰን እግሩን አነሳ። ሉዲቪና አጥሩን ጥሳ ገባች፤ የቀርከሃው ስንጣሪ ክንዷን ተለተለው። በልጁ ላይ ተጣለች። ርግጫው እሷን ወገቧ ላይ አገኛት።

"አውልቀው! አውልቀው ልጄ፣ አውልቀው!" ቁልፎቹን በጥርሷ ጭምር በጠሰቻቸው። ከንፈሯ ነደደ።

"አሮጊቷ አበደች እንዴ!" አለ ሬክሰን። "አንቺ፣ ልብሴን!"

"ሚጥሚጣ ነው!" ጮኸች። "ላንተ ነበር! ላንተ አንገት ነበር የሠራሁት!"

አንዱ አንደኛ ዓመት የውሃ ጎማ ይዞ ሮጦ መጣና አርኒል ላይ ለቀቀው። ውሃው እሳቱን ወደ ደረቱ ይዞት ወረደ፤ አርኒል የጮኸው ጩኸት ከአጥሩ ወዲያ ያሉትን ውሾች አስነሳ።

ሬክሰን ሉዲቪናን በፀጉሯ ይዞ አነሳት። ቡጢው ተሰንዝሮ ፊቷ አጠገብ ቆመ። አሁን በካናቴራ ነው፤ ላቡ ዱቄቱን አጥቦታል። ከአገጩ ሥር የተደረደሩት እባጮች ቀልተው፣ አንዳንዱ መግል ቋጥሮ ይታያሉ።

"ምታኝ" አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። "ኮሌታህን የማጥበው እኔ ነኝ። አንተንም እንዲሁ ነው የመቱህ፤ አይደል?"

እጁን ከፀጉሯ አላቀቀና ወደ ገዛ አንገቱ ወሰደው። ሸፈነው። ማንም አልሳቀም።

ክሊኒኩ ሲደርሱ ዶክተር ሳራቢያ በሳሙናና በቀዝቃዛ ወተት ግማሽ ሰዓት አጠበችው። አርኒል አልጋው ላይ በጎኑ ተኝቶ ይንቀጠቀጣል። ሐሙስ እንደ ሕፃን የነበረው ግራው አንገት ውሃ ቋጥሯል።

"የሚቀጥለው ዙር ከሦስት ወር በፊት አይታሰብም" አለች ሐኪሟ። "ያውም ጠባሳ ካልተወ። በዚህ ሁኔታ መርከብ የለም።"

ሉዲቪና የተላጠ ከንፈሯን ነከሰች። ሐኪሟ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀምጣ ወረቀት ሳበች።

"የጎድኑን አይቼዋለሁ። ያለፈውን ሳምንት ቁስልም አይቼዋለሁ። የካዴት ድብደባ ሳይ ለፖሊስ መጻፍ ግዴታዬ ነው። ግን የሚናገር ሰው እፈልጋለሁ። አርኒል፣ ማነው?"

"ወደቅኩ።"

"አንገትህስ?"

"እኔ ነኝ። ቃሪያ ነክቼ ሳላውቅ በእጄ አሸሁት።" ዓይኑን ከፍቶ አያቱን አየ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚያያት ዓይን። ተመለሺ። "ሎላ ምንም አላየችም። አይደል፣ ሎላ?"

ከታች ዳቦ ቤቱ የመጋገሪያውን በር በኃይል ዘጋ። ሉዲቪና ደነገጠች። ጣቶቿ አሁንም ይነዳሉ፤ ከትናንት ጀምሮ ሦስቴ ታጥባ አልለቀቃትም።

"ሰው ከተናገረ" አለች ለሐኪሟ፣ "የተናገረው ሰው የሠራውም ይጻፋል?"

"ሁሉም ይጻፋል፣ ሎላ።"

"ሎላ፣ ተይ!" አለ አርኒል ከአልጋው።

ወንበር ስባ ከጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች። ቀሚሷ ላይ ያለውን የቀርከሃ ስንጣሪ አራገፈች።

"መጀመሪያ የእኔን ስም ጻፊ" አለች። "ሉዲቪና ታንዳያግ፤ ኮሌታውን በሚጥሚጣ የነከርኩት። እስከ ሠላሳ ዝም ማለቴንም ጻፊው። የሬክሰንን ከሥሩ እነግርሻለሁ።"