ሯጩ ፈረስ ደን ጥበቃ ሲገባ

ሐኪሙ የደን ጠባቂዋን ጉልበት አገላብጦ አይቶ «ከእንግዲህ በእግር ዳገት መውጣት የለም» ሲላት የሞት ፍርድ የፈረደባት ነው የመሰላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያንን ደን በእግሯ ስትዞር ኖራለች። የትኛው ዛፍ ከሥሩ እንደበሰበሰ፣ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደሚደርቅ፣ እንጨት ቆራጮቹ በየት በኩል ሾልከው እንደሚገቡ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። አለቃዋ ደግሞ ወሬ አያበዙም። «ሦስት ወር እሰጥሻለሁ። ያኔ መጥቼ አያለሁ። ደኑን ዳር እስከ ዳር መዞር ከቻልሽ፣ እሰየው። ካልቻልሽ መዝገብ ቤት ገብተሽ ፋይል ትደረድሪያለሽ» አሏት፤ በቃ። መዝገብ ቤቱ መስኮት እንኳ የለውም።

ፈረስ ፍለጋ የወጣችው ለዚህ ነው። በልጅነቷ የአጎቷን የጭነት ፈረስ ስትጋልብ ስላደገች ኮርቻ ላይ መውጣት አያስፈራትም። አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር፣ ከሩጫ ሜዳ የተገለሉ ፈረሶችን ለሚያኖራቸው ሰው እንደሚሰጡ ሰምቶ ነገራት። ነገ ዛሬ ሳትል ባሏን አስከትላ ሄደች።

ዕድሜያቸውን በሙሉ ፈረስ ሲያሠለጥኑ የኖሩት ሽማግሌ ባልደራስ የመጨረሻውን ጋጣ ከፈቱላቸው። ከውስጥ አንድ ዳማ ፈረስ አንገቱን ብቅ አድርጎ አያት። እሷ እኮ የጠበቀችው ወገቡ የጎበጠ፣ ዐይኑ የፈዘዘ፣ አንጀት የሚበላ ነገር ነው። ይሄ ግን ሲራመድ የትከሻው ጡንቻ ከቆዳው ሥር እንደ ውሃ ይንቀሳቀሳል፤ ቆሞ እንኳ የቆመ አይመስልም። ሴትዮዋ እጇን በአፏ ጫነች። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር በቅርብ አይታ አታውቅም፤ ዐይኗ እንባ አቀረረ።

«ይሄ ነው ጡረተኛው?» አለ ባሏ። ሰውየው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ አፉ ከመቀሱ ይፈጥናል። «እኔም ጡረታ ስወጣ እንዲህ የሚያምርብኝ ከሆነ ሱቁን ዛሬውኑ ልዝጋው!»

«ስድስት ዓመት ሮጧል» አሉ ባልደራሱ። «ከሩጫ በቀር የሚያውቀው የለም። ሕፃን ነው በይው፣ ልጄ።»

እሷ ግን የሰማችው «ስድስት ዓመት ሮጧል» የሚለውን ብቻ ነው።

ከቤታቸው ጀርባ በአጥር የተከለለ ሜዳ ነበራቸው። በማግስቱ ኮርቻውን ጭና እግሯን እርካብ ላይ ስታደርግ ፈረሱ መንገዱን ጀመረ። እሷ አንድ እግሯ አየር ላይ፣ አንድ እግሯ መሬት ላይ፣ እያነከሰች አብራው ስትዘል ባሏ በሳቅ ፍርስ አለ። እንደ ምንም ተንፏቅቃ ወጣች። ያኔ ደግሞ ባሰ። ሶምሶማ ሲጀምር ቀስ እንዲል ዛቡን፣ ያንን ከልጓሙ ወደ እጇ የሚመጣውን ጠፍር፣ ሳብ አደረገችው። ፈረሱ ፈጠነ። ጠበቅ አድርጋ ሳበችው። ጋለበ! ባለ በሌለ ኃይሏ ወደ ኋላ ተለጥጣ ስትጎትት አጥሩን አምስት ጊዜ ዞሩት፤ የቆመው እጇ ዝሎ ስትለቀው ነው። እሷ ግን እሱም ደክሞት የቆመ መሰላት።

ይህ አንድ ወር ሙሉ ቀጠለ ቢባል ማን ያምናል? እሷ ትስባለች፣ እሱ ይበራል። ጎረቤቶች ለውድድር የምትዘጋጅ መስሏቸው «በርቺ!» ይሏታል። ባሏ ጠንከር ያለ ልጓም ገዝቶ መጣ፤ ፈረሱ የባሰውን አበደ። መዳፏ ተላጠ፣ ጉልበቷ አበጠ፣ ቅስሟ ተሰበረ። አንድ ጠዋት ጋጣው ውስጥ ተቀምጣ «ምን በደልኩህ? ምን አደረግኩህ?» እያለች ታለቅስ ጀመር። ፈረሱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ፀጉሯን አሸተተ። ለካ ክፋት የለበትም! እንዲህ ያለ ገር ፍጥረት ኮርቻ ሲጫንበት ምን ይነካዋል?

ባልደራሱን ቤቷ ድረስ ለምና አመጣቻቸው። ሽማግሌው አጥሩን ተደግፈው ሁለት ዙር አዩ፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን ያዙ።

«ኧረ ተይ ልጄ! አትሳቢው!»

«ካልሳብኩት በምን ይቆማል፣ አባባ?»

«በሩጫ ቤት ዛብ ጠበቅ ሲል ሂድ ማለት ነው። ጋላቢው ይይዝለታል፤ እሱ ልጓሙን ተደግፎ ይሮጣል። ሩጫው ሲያልቅ ይለቁለታል፣ ያኔ ይቆማል። አንቺ ወር ሙሉ ‹ፍጠን፣ ፍጠን› ስትይው ከረምሽ፤ እሱ ደግሞ ታዘዘሽ። ምስኪን፣ ምን ያህል ደክሞት ይሆን! ስትወጪበት መራመዱም ያው ነው። እዚያ ጋላቢውን እየሄደ ነው የሚያፈናጥጡት፤ ቁም ብሎት የሚያውቅ የለም።»

ሴትዮዋ ክው አለች። አልታዘዝ ብሎ ሳይሆን ከመጠን በላይ ታዝዟት ነው! እፍረቱ ፊቷን አቃጠላት። ወርዳ አንገቱን አቅፋ «ይቅር በለኝ» አለችው፤ ባልደራሱም ባሏም እያዩ፣ ምንም ሳይመስላት።

ከዚያ በኋላ የሠለጠነችው እሷ ነች። ፈረሱ ቆሞ መጠበቅን ለመልመድ ሳምንት አልፈጀበትም፤ በርጩማ ላይ ቆማ እስክትወጣ አንድ እግሩን አሳርፎ ይጠብቃታል። የእሷ እጅ ግን እምቢ አለ። ሰው ሲፈራ ይጨብጣላ! ፈረሱ ትንሽ ፈጠን ባለ ቁጥር ጣቶቿ ሳታዛቸው ዛቡን ይጨብጣሉ። ባሏ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ «እጅሽን!» እያለ ይጮህባታል፤ ቀን ከሌት «እጅሽን» ከማለቱ የተነሣ አንድ ደንበኛውን እየላጨ «እጅሽን!» ብሎት ሰውየው ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ አሉ። ቀስ በቀስ ግን ሆነላት። ዛቡን ታላላለች፣ ኮርቻው ላይ ጠለቅ ብላ ትቀመጣለች፣ ረጅም ትንፋሽ ታወጣለች። እሱም ቀስ ይላል። ሁልጊዜ ይገርማታል።

ሦስት ወሩ ሞላና አለቃዋ መጡ። በደኑ መግቢያ ኬላ ላይ ቆመው «ዙሪና ነይ» አሉ፤ ሌላ ቃል የለም። ዞረች። ዳገቱን፣ ምንጩን፣ የድንጋዩን መተላለፊያ ሁሉ በእርምጃ አለፉት፤ ጉልበቷ አላመማትም። ከሁለት ሰዓት በኋላ በኬላው ስታልፍ፣ አለቃዋ ሰዓታቸውን እያዩ ሳለ፣ የኬላው ዘበኛ የመንገድ መዝጊያውን ብረት ከኋላዋ ለቀቀው። ኳ!

ለሌላ ፈረስ ተራ ጩኸት ነው። ለእሱ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ሩጫ የሚጀመረው የብረት በር ኳ ሲል ነበር።

መሬቱ ከሥሯ ጠፋ። ዛፎቹ ተሰፍተው አንድ ግድግዳ ሆኑ፤ ነፋሱ ትንፋሿን ወሰደው። ወይ ጉድ! በሜዳው ላይ ያየችው ግልቢያ ለካ ጨዋታ ኖሯል። ይህን ሁሉ ጉልበት በሆዱ ይዞ ነው ከጎኗ እንደ ጨዋ ልጅ ሲራመድ የከረመው? ፈራች፣ በጣም ፈራች፤ ግን ከፍርሃቱ በላይ ተደነቀች። በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ሳታውቅ ልትሞት ኖሯል።

ከፊት መንገዱ ይታጠፋል፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ገደል ነው። እጆቿ ሳታዛቸው ዛቡን ጠበቅ አደረጉ። ፈረሱ ፈጠነ። ሥጋዋ ሁሉ «ሳቢ!» ይላታል። ሴትዮዋ ጥርሷን ነክሳ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታቻቸው። ዛቡ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለ። የምትይዘው ነገር የላትም። ጠለቅ ብላ ተቀመጠች፣ የቀራትን ትንፋሽ ሁሉ አወጣች።

አንድ ጆሮው ወደ እሷ ዞረ። ግልቢያው ሶምሶማ ሆነ፣ ሶምሶማው እርምጃ ሆነ። ከመታጠፊያው ወዲህ ቀጥ ብሎ ቆመና ፍሩ... አለ።

አለቃዋ ባርኔጣቸው ወድቆ፣ እያለከለኩ ደረሱ።

«ይዞሽ ጠፋ አይደል?»

ልትዋሽ አልፈለገችም። «አዎ፣ ይዞኝ ጠፋ።»

«ታዲያ ምን አድርገሽ አቆምሽው?»

«ለቀቅኩት። ለመንኩት፤ ቆመልኝ።»

አለቃዋ ወደ ፈረሱ ዞሩ። ያ በላብ የራሰ ደረት ሲነፋና ሲጎድል ያያሉ። ከዚያ እኚያ ሰው፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማንንም ሲያመሰግኑ ያልተሰሙት ሰው፣ እጃቸውን ዘርግተው በመዳፋቸው የፈረሱን አንገት ነኩት። እንደ ሕፃን ነበር የነኩት። «አቤት!» አሉ ለራሳቸው፣ በሹክሹክታ።

የደን ጠባቂዋ ድፍረት ከየት እንደመጣላት አታውቅም። «ሰኞ በስንት ሰዓት ልግባ?» አለቻቸው።

«እስከ ዛሬ በስንት ሰዓት ነበር የምትገቢው?»

«አንድ ሰዓት ላይ።»

«ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ!» አሉና ባርኔጣቸውን ፍለጋ ተመለሱ።

እሷ ፊቷን ጋማው ውስጥ ቀብራ፣ ድምፅዋን ሳትቆጥብ አለቀሰች። ፈረሱም እስክትጨርስ ድረስ ንቅንቅ አላለም።