ልብ በይ

«ሕፃኑ ኢየሱስ በውሻችን ውስጥ ተወለደ» አለች ክሪስቲ፣ እጆቿን አጣምራ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

በገና ሌሊት ልጅ የሚሰብከውን ስብከት ልምምድ ሊያዩ ቤተ ክርስቲያን የመጡት እናቶች ሳቃቸውን በመሐረብ አፈኑ። እናቷ ሳልቪና መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። በማልታኛ ልብ «ቃልብ» ነው፣ ውሻ ደግሞ «ኬልብ»። የ«ቃልብ» «ቀ» ጉሮሮ ላይ ድንገት ተቆርጦ ይቀራል። የዜይቱን መንደር ልጅ ይህችን ድምፅ ከጡት ጋር ነው የሚጠባት። የሳልቪና ልጅ ግን የጠባችው እንግሊዝኛ ነው፤ ማን አስጠባት ቢሉ ራሷ ሳልቪና።

ቄሱ ዱን ፒየትሩ ወደ ጥግ ጠሯት። «አትቀየሚኝ ልጄ። እስከ ነገ ካልተቃናላት የገናን ስብከት ለጋጋሪው ልጅ እሰጠዋለሁ። የስብከቱ ልጅ በተሳሳተ ቁጥር መንደሩ ዓመቱን ሙሉ ነው የሚተርተው፤ ታውቂዋለሽ።»

እንዴት አታውቀው! እሷም በልጅነቷ እዚያው መድረክ ላይ ቆማ ሰብካለች፤ አባቷ ናርዱም ሰው ፊት በደስታ አልቅሷል።

መኪና ውስጥ ገብተው ገና በሩ ሳይዘጋ ጀመረቻት። «ልብ በይ!»

«እያልኩ እኮ ነው!» አለች ክሪስቲ በእንግሊዝኛ፣ እንባዋ እየመጣ።

«አላልሽም! ውሻ ነው ያልሽው! ከጉሮሮሽ፣ ከዚህ፣ ከዚህ!» እያለች የገዛ አንገቷን ትመታለች። እንግዲህ ምን ትሁን? አሥር ጊዜ ብታስደግማት አሥር ጊዜ ውሻ። ለባሏ ብትነግረው «ማልታኛ ምን ይሠራላታል?» ነው የሚላት፤ ይህንንም ቃል ያስተማረችው እሷው ናት። በመጨረሻ መሪውን በጡጫ መትታ ወደ አባቷ ቤት ነዳች።

ናርዱ ጉልበት በነበረው ጊዜ በመጠጥ ቤቱ የግጥም ውጊያ ፊቱ የሚቆም አልነበረም። ሌላው ዘፋኝ ነገር ሲጥልበት በዜማው መልሶ ያሳጣው ነበር። ከዚህች የልጅ ልጁ ጋር ግን ፈገግ ይላል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ በቃ። ሲገቡ ዳቦው ላይ ቲማቲም እያሸ ነበር።

«አባዬ፣ እባክህ አስተምራት። ልብ ማለት እንኳ አቃታት።»

«እኔ?» አለ ናርዱ ቀና ሳይል። «እኔማ ላደናግራት እችላለሁ።»

ሳልቪና ፊቷ ጋለ። ክሪስቲ ገና የአልጋ ሕፃን ሳለች፣ አባቷ እሹሩሩ ሲላት፣ «አባዬ፣ በሷ ፊት በማልታኛ አታውራ፣ ጭንቅላቷን ታደናግርባታለህ» ያለችው እሷ ናት። የሱ እንግሊዝኛ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም። እሺ አለ፤ ዝም አለ።

«ያ ያኔ ነው! አሁን ቂም የምትይዝበት ሰዓት ነው? ስብከቱን ሊነጥቋት ነው እኮ!»

«ሊነጥቁኝ ነው በይ እንጂ። የሷ መቼ ሆኖ ያውቃል?»

«እሺ፣ ሊነጥቁኝ ነው! አጠፋሁ! በቃ አጠፋሁ አልኩህ፤ አሁን ምን አርጊ ነው የምትለኝ? አናግራት አባዬ። አንዴ ብቻ።»

ናርዱ ዳቦውን አስቀመጠ። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ልጅቷን ወደ ጉልበቱ ሳብ አደረጋትና ፊቷን አየ።

«ቃልቢ» አላት። ልቤ ማለቱ ነው። እዚያ ቤት ልጅ የሚጠራው እንደዚያ ነበር።

ክሪስቲ አያቷ እንደዚህ አናግሯት ስለማያውቅ ደስታዋን የምትይዝበት አጣች። አንገቷን አሳብጣ፣ ትንፋሽዋን ሰብስባ፣ ጮክ ብላ መለሰችለት።

«ኬልቢ!»

ውሻዬ።

«ወይኔ!» ብላ ሳልቪና ግንባሯን መታች።

ናርዱ ግን አልሳቀም። የልጅቷን ጸጉር እየዳበሰ፣ «እውነትሽን ነው፣ የኔ ቆንጆ» አላት። «ውሻሽ ነኝ። እናትሽ አትጩህ አለችኝ፤ ይኸው ስታድጊ ዝም ብዬ በር ላይ ተቀምጬ አየሁሽ።»

ክሪስቲ ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል አልያዘችም። ወደ እናቷ ዞራ በእንግሊዝኛ፣ «እማ፣ ምን አለኝ?» አለች።

«ምን አለች?» አለ ናርዱም።

ሁለቱም አፍ አፏን እያዩ ይጠብቋት ጀመር።