ቅቤ የጠጣው ኮርቻ

እንግዳችን ጋሽ ደርበው ለምሳ እጃቸውን እየታጠቡ ሳለ ነው ባለቤቴ ይኸነው የመርዙን ነገር ያነሣው።

«ለፈረስ በዓሉ ብዬ ኮርቻውን ቅቤ ባጠጣው፣ አይጦች ሊጨርሱት ሆነ» አለ። «በቀደም መርዝ በእህል ለውሼ ከድንቹ ጎተራ ሥር አኖርሁላቸው። ይኸው ዛሬ ኢንጅባራ ላይ ሳይቦደስ ጋለብሁበት!»

«ኮርቻው ደኅና ነው፤ የቀረው ፈረስህ ነው እንጂ» አሉ ጋሽ ደርበው። እንግዶቹ ሁሉ ሳቁ።

እኔ የድስቱን ክዳን እንደያዝሁ ቀረሁ። ጠዋት ቀይዋ ዶሮ አይጥ ነክሳ ከጎተራው ሥር ስትወጣ፣ ወዲያው ስትውጣት አይቻለሁ። ዶሮ አይጥ ትበላለች፤ ምንም አላልሁም። ይኸነው ያችኑ ዶሮ ባርኮ አርዶልኝ ነው ፈረሱ ላይ የወጣው፤ አሁን ድስቱ ውስጥ ያለችው እሷ ናት።

ልጄን ቤዛዊትን ጎትቼ ወደ ማድ ቤት ገባሁና ነገርኋት።

«እማዬ ደግሞ ጀመረሽ!» አለች። አሥረኛ ክፍል ናት፤ ባዮሎጂዋን ጮኻ ነው የምታጠናው። «አይጧ ከበላችው ወደ ዶሮዋ የሚያልፈው ከአሥር አንድ እጁ ነው። ከዶሮዋ ወደ እኛም እንደዚያው። ምን ይተርፋል?»

«እሱ የምግቡ ኃይል ነው» አልኋት። «ኃይሉንማ ሮጣም፣ ሙቀት አድርጋም ትጨርሰዋለች። መርዙን በምን ትጨርሰው?»



«እታለማሁ! እንግዳ በረሃብ ልትፈጂ ነው?» ሲል ይኸነው ተጣራ።

ተሳስቼ ቢሆንስ? ከበዓል የመጣ ፈረሰኛ ጦሙን ከቤቴ ቢመለስ፣ ወሬው አዲስ ቅዳም ገበያ ድረስ ይከተለኛል። ልክ ከሆንሁ ደግሞ... ያን ጊዜ የዶሮዋ ሆድ ዕቃ ትዝ አለኝ። ለውሻው ነበር የጣልሁለት።

ሁለታችንም ወደ ጓሮ ሮጥን። ውሻው ለከሰል ከተከመረው እንጨት ጀርባ ተጋድሟል። እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ አፉ አረፋ ደፍቋል።

ወደ ቤት ስመለስ ይኸነው መጠበቅ ሰልችቶት ወጡን ራሱ አውጥቷል። ጋሽ ደርበው ጉርሻ ጠቅልለው ወደ እሱ አፍ ዘርግተዋል። የአባቴን እኩያ እጅ በጥፊ መታሁ። ጉርሻው መሬት ላይ ተበተነ።

«አንቺ ሴት አብደሻል?» ይኸነው ተነሣ።

«ዶሮዋ መርዝህን የበላችውን አይጥ በልታለች! የቀመሰ ሰው አለ?»

ቤዛዊት በሩ ላይ ቆማ እያለቀሰች፣ «አባዬ፣ ውሻው እየሞተ ነው» አለች።

ጋሽ ደርበው የተመታ እጃቸውን አዩት። ከዚያ ቀና ብለው፣ «አልተቀመሰም። መጀመሪያ እሱን ላጉርስ ብዬ ነው» አሉ። «በይ ልጄ፣ ውኃ አምጪ፤ እንደገና እንታጠብ። አንተም አካፋህን ያዝ።»

ጉድጓዱን ይኸነው ቆፈረ። ወጡን ከነድስቱ፣ ውሻውንም ሲሞት እዚያው ቀበርን። ጭላት ከላያችን ትዞር ነበር። ሌላ አውሬ ቆፍሮ እንዳያወጣው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ጫንሁበት።

«ድንች ቅቀይልን፤ እሱም ምግብ ነው» አሉኝ ጋሽ ደርበው ከበሩ ላይ።

ቤዛዊት ወደ ጎተራው መራመድ ስትጀምር ክንዷን ያዝሁ፤ መርዙ ያለው ከዚያው ሥር ነው። ድንቹን ከጎረቤት እንድታመጣ ላክኋት።