ወደ ጣሪያ የተወረወረው ባንጆ

በሄዝል ሸንተረር ቤቱ ራዲዮ ያለው ሰው ሁሉ፣ ባንጆ ተጫዋቹ ኦርቢን ስቲጋል ያን ሐሙስ ሰክሮ ነበር ይላል። ክራር መሰሉ ባንጆ በዘፈኑ መሃል ሦስት ጊዜ ጸጥ አለ፤ በሦስተኛው አንድ ነገር ጓ ሲል ተሰማ፤ ከዚያ የሰው ሳቅና ጩኸት ተከተለ። ካልሰከረ በቀር ማን እንዲህ ይጫወታል?

ስቱዲዮው ውስጥ የነበሩት ስድሳ ተመልካቾች ደግሞ፣ እንደዚያ ቀን ነቅቶ የተጫወተ ሰው አይተን አናውቅም ባይ ናቸው። ባንጆውን ሦስት ጊዜ ወደ ጣሪያ ወረወረው፤ ሲወርድ ቀለበውና ቫዮሊኑ የደረሰበት ምት ላይ ሳይዛነፍ ገባ። ጓ ያለውም በሳቅ ብዛት ከነወንበሩ የተገለበጠ አንድ ገበሬ ነው።

ኦርቢን ሃያ ሁለት ዓመት በመድኃኒት ሻጮች ጋሪ ላይ እየዞረ፣ ገዢ እንዲሰበሰብላቸው ሰው ሲያዝናና ኖሯል። እዚያ ባንጆ የሚታይ ነገር ነው። ማይክሮፎን ዓይን እንደሌለው ያን ቀን ጭብጨባው አስረሳው።

በሳምንቱ፣ የቀትሩ ዝግጅት ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ የጣቢያው ኃላፊ ሚስተር ፌንዊክ ደብዳቤ ታቅፎ መጣ።

«አርባ አንድ ናቸው» አለ። «ሁሉም ሰካራሙ ይውጣ የሚሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች። የዝግጅቱን ወጪ የሚከፍልልን የዱቄት ነጋዴው ነው፤ ዱቄቱን የሚገዙት ደግሞ እነሱ። ዛሬ ከዘፈኑ በፊት ‹ሰክሬ ነበር፣ ተጸጽቻለሁ› ይበሉ። አለዚያ ቦታው የሆባርት ነው።»

«እኔ እኮ ጠብታ ቀምሼ አላውቅም።»

«አውቃለሁ። ግን ባንጆ ወረወርኩ ቢሉ አገር ይስቅብናል። የሰካራም ንስሐ ሲሆን ያለቅሱልዎታል።»

ቫዮሊን ተጫዋቹ ሆባርት ኳርልስ፣ የኦርቢን እህት ባል፣ የቫዮሊኑን መምቻ ደጋን ሙጫ እያስነካ ሳቀ። «ምን ይከብድሃል አማቼ? ከሞኝ ሰካራም ይሻላል። ሰካራም ነገ ይነቃል።»

«ለሸንተረሩ ሰው ሰክሯል ብለህ ያወራኸው አንተ ነህ!»

«ጠየቁኝ፣ መለስኩ። አንተ ስትወረውር እኔ ዘፈኑን ብቻዬን ተሸክሜ ስንገታገት ማን አየኝ? ስድስት ዓመት ለአንተ ሲያጨበጭቡ እኔን እንደ ወንበር ነው የቆጠሩኝ።»

ነገሩ እውነት ስለነበረ ኦርቢንን የበለጠ አናደደው።

እናቱ ሐሙስ ሐሙስ ባቄላዋን ከምድጃ አውርዳ ጎረቤት ሄዳ በራዲዮ ትሰማዋለች። አባቱን የበቆሎ አረቄ ሲገድለው ሰባት ልጅ ይዛ የቀረች ሴት ናት። ባለፈው እሁድ ሊጠይቃት ሄዶ በሩን ቢያንኳኳ አልከፈተችለትም። «ሐሙስ በራዲዮ ስሰማህ አባትህ የመጣ መሰለኝ፤ ሂድልኝ» አለችው ከውስጥ ሆና።

በሌላ በኩል ዕድሜው ሃምሳ ስድስት ነው። የመድኃኒት ሻጮቹ ጋሪዎች አንድ በአንድ ጠፍተዋል። ከዚህ ከወጣ የሚጠብቀው የሰው ትንባሆ ማሳ ማረም ነው።

ስርጭቱ መጀመሩን የሚያሳየው ቀይ መብራት በራ። ፌንዊክ የተጻፈ ወረቀት እጁ ላይ ጣለለትና ከስቱዲዮው መስታወት ጀርባ ሄዶ ቆመ።

«አንብበውና እንገላገል፣ አንተ ሽማግሌ» ሲል ሆባርት አንሾካሾከ።

ኦርቢን ወረቀቱን ወንበሩ ላይ አነጠፈና ተቀመጠበት። ከዚያ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋ።

«የሄዝል ሸንተረር ሰዎች፣ ኦርቢን ነኝ። ያን ዕለት አልሰከርኩም። ባንጆዬን እየወረወርኩ ስቀልብ ነበር፤ ለማያይ ሰው ትርኢት ማሳየቴ ሞኝነቴ ነው።» ፌንዊክ መስታወቱን በቡጢ ይደበድብ ጀመር። ኦርቢን ቀና ብሎም አላየው። «እዚህ ያሉት ጌቶች ወይ ሰካራም ሁን ወይ ውጣ ብለውኛል። እኔ ሞኝ መባሉን መርጫለሁ፤ ቦታውን ሆባርት ይውሰደው።»