ቤቱ ያስቀመጣቸው ሽማግሌ

ልጄን ንጋትን ለገመቺስ ላለመስጠት ቆርጬ ነበር። ልጁ ጨዋ ነው፤ ጥፋቱ ሲኖትራክ መንዳቱ ነው። ቤቴ ቡርቃ ጃቶ፣ አስፋልቱ ዳር የቆመ የጭቃ ቤት ነው። ድንጋይ የጫነ መኪና ባለፈ ቁጥር ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ እኔ እመርጋለሁ። ግድግዳዬን ለሚያፈርስ ሰው ልጄን መርቄ አልሰጥም አልኩ። ንጋት አኮረፈች። እናቷ ሸዋጌጥም አብራ አኮረፈች።

እሁድ ከአንገር ጉቲን ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። የሚመሯቸው የልጁ አጎት ኦቦ ጂሬኛ ናቸው። በደንቡ ሽማግሌ የሚጠይቀው ቆሞ ነው፤ ተቀመጡ ከተባለ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። እኔም እነሱን ላለማስቀመጥ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ።

ኦቦ ጂሬኛ ስለ ልጁ ዘርና ጠባይ ረጅም ንግግር ጀመሩ። መሃል ላይ ከቁልቁለቱ መኪና መጣ። እኛ ለምደነዋል፤ ሳናስበው የየድርሻችንን እንይዛለን። ሸዋጌጥ የብርጭቆውን ቡፌ አቀፈች፤ እኔ ቴሌቪዥኑን ያዝኩ። እንግዶቹ የቤቱ ሥርዓት መሰላቸው። አንዱ ሮጦ ከሸዋጌጥ ጋር ቡፌውን አቀፈ። ሌላው የሚይዘው ቢያጣ እኔን ያዘኝ። ኦቦ ጂሬኛ ንግግራቸውን ሳያቋርጡ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ከኮርኒሱ አቧራ ወረደ። ኦቦ ጂሬኛ ሚዛናቸውን ስተው ሶፋው ላይ ዘጭ አሉ።

መኪናው አለፈ። ከጓዳ የንጋት ሳቅ ተሰማ።

«ተቀመጡ አላልኩም» አልኩ።

«እርስዎማ አላሉም፣ ኦቦ ሀብቴ» አሉ ባርኔጣቸውን እያራገፉ። «ቤትዎ ነው ያስቀመጠኝ። ከእርስዎ ይልቅ እሱ እንግዳ ያከብራል።»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ያቀፈኝ ሽማግሌ ግን ገና አልለቀቀኝም፤ ሆዱ በሳቅ ሲርገፈገፍ ሆዴ ላይ ይሰማኛል። ሸዋጌጥ ቡፌውን እንዳቀፈች ከሳቅ ብዛት እንባዋ ይወርዳል። እኔ በቀላሉ የምስቅ ሰው አይደለሁም። ጥርሴን ነከስኩ። አልሆነም። እየሳቅኩ ኦቦ ጂሬኛ አጠገብ ወደቅኩ፤ ያቀፈኝም አብሮኝ።

ሳቁ ሲለቀኝ ዓይኔን ጠርጌ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ። ልጁ ጭነት ሲይዝ የእኔን ደጅ ትቶ በላይኛው መንገድ ይዞራል ወይ?

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እነሱ ሳይመልሱ ንጋት ከጓዳ፣

«ይዞራል፣ አባዬ» አለች።

ሽማግሌ ተቀምጦ ሙሽራ መናገሯ ነውር ነው። እንዳልሰማ ሆኜ ሸዋጌጥን ምሳ አቅርቢ አልኳት። እሷም ቡፌውን ከመልቀቋ በፊት ጆሮዋን ወደ መንገዱ ጣለች።