በእሳት የተላከች ጀልባ

በቀዩ ገደል ሥር የምንኖር ሰዎች የጥንቱን ጦርነት የምናወራው አያቶቻችን በዓይናቸው ያዩት ይመስል ነው። የደቡብ ሰዎች ጀልባዎቻቸውን በደረቅ ሸምበቆና በዘይት ሞልተው፣ ነፋሱ በዞረላቸው ጊዜ፣ በሰንሰለት ወደ ተያያዙት የሰሜን መርከቦች እሳት ለቀቁ፤ ያን ጊዜም መርከቦቹ ሁሉ ነደዱ። ፊልም ሠሪዎቹ ይህን ሊቀርጹ በመኸር ወደ ወንዛችን ሲመጡ የጎደላቸው ጀልባ ነበር። ሦስት አሠርተው አቃጥለዋል፤ ሦስቱም በውሃው ላይ እንደ ሣጥን ቀጥ ብለው ነደዱ።

በመንደሩ የቀረችው ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባ የሽማግሌው የጂ ሾውቼንግ ብቻ ነበረች። ከሚስቱ ከሩይዪን ጋር ሩዝና የጣሪያ ሸክላ ሲያመላልስ ዕድሜውን የፈጀባት ናት፤ እርሱ ሸራውን፣ እርሷ መሪውን ይዘው። ሸራው ነፋስ ሲይዝ ሩይዪን ትስቅ ነበር። ሳቋ ከጀልባዋ ቀድሞ ወደብ ስለሚደርስ፣ ሴቶቹ ሳቋን ሰምተው ቅርጫታቸውን እያነሡ ይወርዱ ነበር። ዛሬ በወንዙ የሚያልፉት የብረት መርከቦች ናቸው፤ በሞተራቸው ጩኸት ውስጥ የሰው ድምፅ አይሰማም። ሩይዪን ከሞተች ወዲህ ጀልባዋ በዳርቻው ተቀምጣለች፤ ሾውቼንግ ግን በየዓመቱ እንጨቷን ከውሃ በሚጠብቀው በቱንግ ዘይት ይቀባታል።

የፊልሙ አዘጋጅ ሺ ዬንችዩ ራሷ ወደ እርሱ መጣች።

«አባባ፣ ጀልባዎን ይስጡኝ።»

«ምን ልታደርጊያት?»

«ላቃጥላት።»

«ሳትሸፍኚ ነገርሽኝ፣ ጎሽ። ያ ኮምፒዩተራችሁ እሳት መሥራት ያውቃል ሲሉ አልሰማሁም እንዴ?»

«እሳት ያውቃል፣ ጀልባ አያውቅም። የኖረች ጀልባ ስትነድ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች አሉኝ።»

«የእኔዋ ወደ ግራ ነው የምታዘነብል። በይ ልጄ፣ ሌላ ፈልጊ።»

በማግስቱ ቀረጻውን ሊያይ ወረደ፤ ሊሳለቅ መምጣቱንም አልደበቀም።

«ይኼ ነው ጦረኛ? ጦሩን እኮ እንደ መጥረጊያ ነው የያዘው!» እያለ ዋለ።

በአገራችን የፊልም ሥራ፣ እንደ ሞተ ሆኖ የተቀረጸ ሰው የመልካም ዕድል ገንዘብ ያለበት ቀይ ፖስታ ይቀበላል፤ ተነሥቶም በካሜራው ፊት ይስቃል፤ ሞቱ ወደ ቤቱ እንዳይከተለው። ያን ዕለት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከሞቱት ወታደሮች አንዱ ሳይስቅ ወደ ምግቡ ሮጠ።

«ተይው እባክሽ፣ ብርሃኑ ሊያመልጠን ነው!» አለ ረዳቷ።

«ይጠራ» አለች ዬንችዩ። «እሱ ሳይስቅ ምንም አልቀርጽም።»

ወታደሩ አፉ በኑድል እንደ ተሞላ ተጎትቶ መጣ። ሳቀ። ብርሃኑም ሄደ፤ የቀኑ ሥራ ከሰረ።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ቆሞ አየ። ሰዎቹ ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ቀረባት።

«ውሰጃት። ግን እንደነዚህ ሰዎች ትሙት፤ ወጉ እንዳይጎድልባት።»

«ቃሌ ነው፣ አባባ።»

ሸምበቆው ሲጫን ዬንችዩ የመሪውን እጀታ ለማስታወሻ እንዲያስቀረው ለመነችው፤ የሩይዪን መዳፍ ያጎደጎደው ነበር።

«ያለ መሪ ልትልኪያት ነው?» ብሎ ተቆጣ። በገዛ እጁ እጀታውን በዘይት ቀብቶ፣ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ አሰረው።

ነፋሱ መጣ። ጀልባዋ ሸራዋን ሞልታ ሄደች፤ በወንዙ መካከል ነደደች፤ ወደ ግራም አዘነበለች። ጭሱ ሲሳሳ ዬንችዩ ቀዩን ፖስታ በሁለት እጆቿ ለሾውቼንግ አቀረበች።

«አባባ፣ አሁን መሳቅ አለባት።»

«አመድ የሆነች ጀልባ በምኗ ትስቃለች?» አለ ረዳቷ ቀስ ብሎ።

ሾውቼንግ በካሜራው ፊት ቆመ። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያም ሳቀ። ሳቁ የእርሱ አልነበረም፤ ቀጭን ነበር፣ ከፍ ያለ፣ በውሃው ላይ ሮጦ ገደሉን የሚነካ።

ከእኛ ጋር ከቆሙት አሮጊቶች አንዷ ጎንበስ ብላ ቅርጫቷን አነሣችና ወደ ወደቡ መውረድ ጀመረች።